አንዲት ብርድ ልብስ ጎደለች

ውርጭ ነበር፣ ቅዳሜ፣ ኅዳር አጋማሽ ላይ፣
የበሬሳ ውሃ መስተዋት ሲመስል ከላይ።
የብርድ ልብስ ፋብሪካ የሠራተኛ ክበብ፣
ሁለት መቶ ሰው ጋቢ ለብሶ ሲደራረብ፣
እኔ ከበስተኋላ፣ ከማሽኔ ጋራ፣
ብርሃን የምተፋ፣ ፊልም የማበራ።

ፊልሙ ያረጀ ነው፣ ነጭና ጥቁር፣
ጭረት የሚያካፋበት ከዳር እስከ ዳር።
ታሪኩ የራዲዮ ነው፤ አንዲት ጣቢያ አለች፣
ወንድና ሴት አጣምራ አየር ላይ የምታውል፣ ያጋባች የመሰለች፤
ማይኩ ፊት ሲሆኑ "ማሬ፣ ወለላዬ"፣
ቀዩ መብራት ሲጠፋ "ዞር በል ከላዬ!"
አገር ሁሉ አምኖ ደብዳቤ ይልካል፣
"እንደናንተ ያፋቅረን" ብሎ ይመርቃል፤
እነሱ ግን ከጣቢያው ሲወጡ ደጃፍ ላይ፣
ጃንጥላ አይጋሩም ዶፍ ቢወርድ ከሰማይ።

የመጀመሪያው ጥቅል እኩል ሳይደርስ ገና፣
ድምፅ ማጉያው አንዴ አስነጠሰና
ዝም አለ።
አፍ ብቻ ይከፈታል፣ አፍ ብቻ ይዘጋል፣
ከበሬሳ የወጣ ዓሣ ይመስላል።
"ሃምሳ ሳንቲማችን!" አለ የፊት ወንበር፣
በፉጨት፣ በእግር ድብደባ ጣራው ሊበር ነበር።

የክበቡ ሹም፣ አቶ ጌጤነህ፣ ሰው ያውቃል፣
ጭንቅ ሲመጣበት ሁለት ስም ይጠራል፦
"ብርነሽ! ሸዋቀና! ውጡ መድረኩ ላይ፣
የፋብሪካው ማይክ አለ፤ አውሩልን፣ እስቲ እንይ።"

ብርነሽ ናት ፈረቃ በማጉያ የምትጠራ፣
ስሙን ስታነሳው ሰነፍ የሚፈራ፤
ሸዋቀና ደግሞ መጋዘን ጠባቂ፣
ጆሮው ላይ እርሳስ ሰክቶ ክር ሳይቀር ጠያቂ፤
ከሰኔ ጀምሮ አይነጋገሩም፣
እግዜር ይማርህን ቢያስነጥስ አትልም።
ምክንያቷ አንዲት ናት፤ ከእሷ ርክክብ
አንዲት ብርድ ልብስ ጎደለች ሲሰበሰብ፣
ቁጥሯ ሰባት መቶ አራት፣ ጠርዟ ቀይ፣
እሱም መዝግቦ ጻፈ፦ "በብርነሽ እጅ ላይ።"

ወጡ። ማይኩ አንድ ነው። ቆሙ ግራና ቀኝ፣
በመካከላቸው በሬ ያሳልፋል ቢገኝ።
ሸራው ላይ ቆንጂት ጣቷን ቀስራ ስትቆጣ፣
የብርነሽ ቃል እንደ ቡላድ እሳት ወጣ፦
"አንተ ሰው፣ ስማኝ! ጣቢያው ሁሉ ይስማ፣
በእርሳስ ያቆሸሽከው ስም ታጥቦ ይነጣል ወይ እንደ ሸማ?"

አዳራሹ ገባው። አንዱ "እሰይ!" አለ።
ፊልሙ ላይ ሰውዬው ባርኔጣውን ጣለ፤
ሸዋቀና ደግሞ ጉሮሮውን ጠረገ፣
እርሳሱ ወደቀችበት፤ ጎንበስ ብሎ ፈለገ፣
አጣት።
"አልጎደለችም" አለ። "እኔ ነኝ የደበቅሁ።
ክሱ ሲደርስሽ ትመጫለሽ ብዬ ጠበቅሁ፤
ብትጮኺብኝም እንኳ፣ ብትሰድቢኝ ደርሰሽ፣
ከቱቦው ሳይሆን አንዴ ከአፍሽ እንድሰማሽ።"

ያን ጊዜ ፊልሙ ተበጠሰ፣ ሸራው ነጭ ቀረ፣
ማሽኔ ብቻውን ባዶ አየር አሽከረከረ።
"መብራት!" ያለኝ የለም፤ ማንም አላፏጨ፤
አፉ ቆሎ የሞላም ቆሎውን አልፈጨ።
"ውሸታም" አለችው። ማይኩ በርቶ ነበር።
"እርሳስህ እኮ" አለች፣ "ያውልህ ከእግርህ ሥር።"

እኔስ?
እኔን ላብ አሰመጠኝ በዚያ የውርጭ ሌሊት፤
ያቺ ብርድ ልብስ እኮ፣ ሰባት መቶ አራት፣
ከሰኔ ጀምራ ማሽኔ ላይ ነበረች፣
ዘይቱ እንዳይረጋብኝ እያሞቀች፣ እያቀፈች።
በውሰት ስም ነው ያነሳኋት፣ አንድ ማታ፣
"ነገ እመልሳለሁ" ብዬ፣ ነገ በነገ ሲረታ።
ደበቅሁ ያለው ሰው ጠርዟንም አላየ፤
የእኔን ዕዳ ለብሶ አደባባይ ታየ።

ፊልሙን ቀጥዬ አዞርኩት፤ የተመለከተው የለም፤
መጨረሻው ምን ሆነ ብሎ የጠየቀኝ እስከ ዛሬም።

ጥር ላይ ተጋቡ፤ ጠባሴ ነው ድንኳኑ፣
ስጦታ ተደረደረ፣ ፋኖሱ፣ ሰሃኑ።
ተራዬ ሲደርስ፣ በጋዜጣ ጠቅልዬ፣
አጥቤ፣ አጥፌ፣ ሰጠኋት "ለብርድ ነው" ብዬ።
ብርነሽ ጥጉን ገልጣ ቁጥሯን አነበበች።
ቀና ብላ አየችኝ።
በዓይነ ርግቧ ሥር ከንፈሯን ነከሰች።
ሙሽራው "ምንድን ነው?" ሲላት በሹክሹክታ፣
"ርክክብ" አለችው፤ "ትፈርማለህ ማታ።"